ሰማይ ላይ የሰቀልኩት ድሮን

እኔ ሰው ማሳቅ እወዳለሁ። እግዜር ቁመት ሲነሳኝ በምላስ ክሶኛል። ለቅሶ ቤት ገብቼ እንኳ ከጥግ አንድ ሰው ሳላስቅ አልወጣም። ይሄን የማወራው ግን ላስቃችሁ ብዬ አይደለም። ብትስቁም አልቀየምም፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ቤታችን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ለልጄ ዕጣ ወጣላትና ከቀበና ላይኛው ጫፍ፣ ከእንጦጦ እግር ስር ነቅላ አምጥታ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ሰቀለችኝ። ልጄ ጠዋት በጨለማ ሚኒባስ ልትጋፋ ትወጣለች፣ ማታ ደክሟት ትገባለች። ከእኔ ጋር የምታመሸው የልጅ ልጄ ናት፤ ኮሌጅ የምትማር፣ ስልኳን ከእጇ የማትለይ። አሁንም እኔ ሳወራ እየቀዳች የምትጽፈው እሷው ናት። «አያዬ፣ ቀስ በይ» ትለኛለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቀስ ማለትም አልተማርኩም።

በረንዳችን ፊቱን ወደ ፀሐይ መግቢያ አዙሯል። እንጦጦ ከማዶ እንደተኛ በሬ ጀርባውን ሰጥቶን ይታያል። ጥር ላይ ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ። ፀሐይዋ ገብታ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ ከተራራው በላይ አንድ መብራት ቁጭ ብሎ አየን። ኮከብ ገና አንድም አልወጣም። እሱ ብቻውን ነው። ትልቅ፣ ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ፤ አይሄድ፣ አይመጣ፣ አይጮህ።

«አያዬ ነይ! ዩፎ! ዩፎ ነው!» አለች የልጅ ልጄ።

«ዩፎ ደሞ ምንድነው?»

«በራሪ ሳህን። ከሌላ ዓለም የሚመጣ። ምን እንደሆነ ማንም አያውቀውም።»

«ሳህን ከሆነማ አጣቢ ፍለጋ ነው የመጣው። አንቺን ከወሰደ ጉድ ሆነ፤ የእኛን መቼ አጥበሽ ታውቂያለሽ!»

ስልኳን ወደ ሰማይ ቀስራ መብራቱን ጎትታ አሳደገችው። እዚያ ውስጥ ሳየው ደሞ ሌላ ነገር ሆነ። ክብ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ይላል፣ ቀይ ይላል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አማተብኩ። እሷ ለጓደኞቿ ላከችው፣ ጓደኞቿ ለጓደኞቻቸው ላኩት። በማግስቱ ማታ የብሎካችን ሰው ሁሉ ልብስ ማስጫው ጋ ወርዶ አንጋጦ ቆሟል።

ልጆቹ «ዩፎ! ዩፎ!» እያሉ ይዘላሉ። አንዷ «የዘመኑ መጨረሻ ነው፣ ንስሐ ግቡ» ትላለች። ከስር ሱቅ ያለው የሀላባ ሰው «መጨረሻውም ቢሆን ሱቄን ሳልዘጋ የትም አልሄድም» ይላል። በዚህ መሃል በር ለበር ጎረቤቴ፣ የምወዳት ሴት፣ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎ የተራራ ሰው ነዎት። ይሄ ነገር ምንድነው?»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። «አላውቅም» የሚባል ቃል ደሞ አፌ ላይ በቅሎ አያውቅም።

«ኮከብ አይደለም» አልኩ። «ኮከብንማ እኔን ጠይቁኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ ተነስቼ ነው እንጦጦ እንጨት ለቀማ የምወጣው። ሰዓቴ እሷ ነበረች። ኮከብ የሚባል ነገር ገና ሳይመሽ እንደ ባለሥልጣን ብቻውን አይቀመጥም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ!

አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ልጅ ተከራይቶ ይኖራል። ሥራው ሰርግ መቅረጽ ነው፤ ድሮን የምትባል በራሪ ካሜራ አለችው። ጨዋ ነው። ደረጃ ላይ ከተገናኘን ዘንቢሌን ሳይቀበለኝ አያልፍም። የዚችኑ የጎረቤቴን ልጅ ወዷል፣ እሷም ወዳዋለች፤ ብሎኩ በሙሉ ያውቃል። ጥር መግቢያ ላይ ሽማግሌ ልኮ፣ አባትየው እንደ ወጉ «እስቲ እንምከርበት፣ ጾሙ ሳይገባ ተመለሱ» ብለው ሸኝተዋቸዋል። ይሄ እሺ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ስለሆነ ነው እንጂ ነገሩ አልቋል። ሁላችንም የጾሙን መግቢያ እየጠበቅን ነበር።

እና እኔ ሰው ላስቅ ብዬ ምን አልኩ?

«ሴቶች፣ ነጠላችሁን ደርቡ! የላይኛው ፎቅ ሙሽራ ድሮን ነው። እሺ እስኪሉት አላስችል ብሎት ልጅቷን በሰማይ እየጠበቃት ነው!»

ሳቁ ሕንጻውን አነቃነቀው። ጎረቤቴም ሳቀች። ልጅቷ ራሷ እዚያው ነበረች፤ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። ባለሱቁ «እኔ ደሞ ሱቄን ነው የሚያየው ብዬ!» ብሎ ጨመረበት። እዚያው ቢቀር ቀልድ ነበር።

ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ሳቁ ጠፋ፣ ድሮኑ ቀረ። አንዷ «ጸጉሬን ስታጠብ በመስኮት ቀጥ ብሎ ያየኝ ነበር» አለች። ሌላዋ «ስሄድ ይከተለኛል፣ ስቆም ይቆማል» አለች። በረንዳዋን በብርድ ልብስ የጋረደችም አለች። መብራቱ ትንሽ ቆይቶ ወደ ተራራው ይወርድና ይጠፋል፤ ይሄንንም ተረጎሙት፤ «ባትሪው ሲያልቅ እንጦጦ ላይ ያርፋል፤ እዚያ የሚቀበለው ሰው አለው» ተባለ። ወሬው ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ሲመለስ ቁመቱ ከእኔ በልጦ ነበር። የወለድኩት መሆኑን እንኳ ለማወቅ ተቸገርኩ።

የልጅቷ አባት ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ በሴት ልጃቸው ግን ቀልድ አያውቁም። ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ቆመው ያን መብራት በክፉ ዓይን ያዩታል። መብራቱም መልሶ ያያቸዋል።

ልጁ ወሬውን ሰማ። አንድ ማታ፣ ሰው ልብስ ማስጫው ጋ ተሰብስቦ ሳለ፣ ድሮኗን ከነቦርሳዋ ይዞ ወረደ። አወጣና በሁለት እጁ ከፍ አደረጋት።

«ይሄው» አለ። «ድሮኔ እጄ ላይ ናት። ያ ደሞ ያው እዚያ አለ። እቺ ስትነሳ እንደ ንብ ነው የምትጮኸው፤ ባትሪዋም ወዲያው ነው የሚያልቀው። እኔ የሰው መስኮት አላይም። እባካችሁ።»

ሰው ጸጥ አለ። አባትየው አገጫቸውን ያሻሉ። ነገሩ ሊበርድ እንደሆነ ይታያል። ጎረቤቴ «እውነቱን እኮ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት አየሁ። እኔም ልቤ አውቆታል፤ የዚህ ልጅ ሥራ አይደለም። ግን እኔ ዝምታ አልችልም። ሰው ዝም ሲል ያሳክከኛል።

«እናቲቱን ይዞልን መጣ!» አልኩ። «ልጅየዋ ያቻትና ሰማይ ላይ!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሆዳቸውን ይዘው የተቀመጡ አሉ። ልጁ ድሮኗን ወደ ቦርሳዋ ሲመልስ ዚፑ እምቢ አለው፤ እየሳቅን ከዚፑ ጋር ሲታገል ቆየ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ሌላውን ሰው አይደለም፣ እኔን። «እማማ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ደረጃውን ወጣ።

አባትየው አልሳቁም። «ለካ ሁለት ነው ያለው» አሉ ለራሳቸው።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቴ ብቻዋን እኔ ቤት መጣች። በር ዘግታ፣ ድምጿን ቀንሳ፣ «እትዬ፣ በቀልዱ አይደለም የምጠይቅዎት፤ እውነት የሱ ይመስልዎታል? ባለቤቴ ሊያስቸግር ነው፤ ልጄ ደሞ ምግብ ትታለች» አለችኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «ላስቃችሁ ብዬ ነው» ብል አለቀ። ግን ስንት ቀን ስከበርበት ቆይቻለሁ መሰላችሁ! ሰው ደረጃ ላይ እያስቆመ «ዛሬስ ምን ይላሉ?» ይለኛል። በዚህ ዕድሜ ማን ምን ይጠይቀኛል? እንጀራው ደረቀ ወይ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ፣ በቃ። አሁን የሰማይ አዋቂ ሆኛለሁ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት። «ጭስ ካለ እሳት አይጠፋም።»

ቤቷ ገባች። እንግዲህ «አላውቅም» የሚለው ቃል አፌ ላይ የበቀለው ያን ቀን ነው፤ ያውም በውሸት።

ጾሙ ሊገባ ሲል ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ አዳምጣለሁ። አባትየው ከደጃፍ አላሳለፏቸውም። «ሴት ልጄን በሰማይ የሚያጮልቅባት አማች አልፈልግም፤ በሉ በሰላም ሂዱ» አሉ። ልጁ ታች ደረጃው ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቅ ነበር። እሳቸውም እሱን ሲያዩ ባሰባቸው፤ «ሌባ!» አሉት፤ በየፎቁ በር ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይችልም። ያን ማታ ልጅቷ ስታለቅስ ሰማኋት። ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩና «ማን ያውቃል፣ እውነት ቢሆንስ» አልኩ። አያችሁ፣ የገዛ ቀልዴን ማመን ጀምሬያለሁ።

ከዚያ ደሞ ምን ሆነ? በጾሙ ውስጥ መብራቱ ከቀን ወደ ቀን ዝቅ ዝቅ እያለ መጣ። መጋቢት ሲጋመስ አንድ ማታ በረንዳ ብንወጣ የለም። በማግስቱም የለም። ሰፈሩ በአንድ አፍ ፈረደ፤ «አፍሮ አቆመ!» እኔም «ድሮስ ምን ብያችሁ ነበር?» አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሰላም ሲለኝ በአንገቱ ብቻ ነው። ዘንቢሌን ግን አሁንም ይቀበለኛል። ዝም ብሎ ተሸክሞ በሬ ላይ አስቀምጦልኝ ይሄዳል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። ሚያዝያ ላይ፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ እንጦጦ ልሳለም ከልጅ ልጄ ጋር ገና ሳይነጋ ወጣን። ከታክሲ ወርደን የቀረውን ዳገት በእግር ያዝነው። ድሮ የማውቀው መንገድ ነው፤ ባህር ዛፉ ይሸታል፣ ጉልበቴ ያማርራል። ትንፋሼን ልሰብስብ ቆም ብዬ ወደ ቀኝ ዞር ስል፣ በዛፎቹ መሃል አየኋት። አጥቢያ ኮከብ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«አየሻት?» አልኩ። «የኔ ሰዓት! የደኑ ዘበኞች ሳይነሱ ጫካ ልንገባ እሷ ብቅ ስትል ነው ከቤት የምንወጣው። አርግዤ ወጥቻለሁ፣ እናትሽን አዝዬ ወጥቻለሁ፤ መንገዱን የምታሳየኝ እሷ ነበረች። አንዳንዴ ደሞ ትጠፋለች፣ ለወራት። ያኔ በዶሮ ነበር የምንነሳው።»

«ስትጠፋ የት ትሄዳለች?»

«እኔ ምን አውቄ። የራሷ ጉዳይ ይኖራታል።»

የልጅ ልጄ ሳቀችና ስልኳን ወደ ኮከቧ አነሳች። «አፕ አለኝ» አለች፤ ሰማይ ላይ ያለውን ሁሉ በስሙ የሚጠራ ነገር ነው። «ቬኑስ ይላታል።» ጣቷን እያንሸራተተች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ደግ ነገር የለም።

«ምነው?»

«አያዬ… ወደ ኋላ መለስኩት። ወደ የካቲት፤ በኛ ሰፈር፣ ፀሐይ ስትገባ። እይ።»

ስልኩን አየሁ። መሬቱ ከስር ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ፀሐይ በምትገባበት፣ እንጦጦ ባለበት በኩል፣ ከመስመሩ በላይ አንዲት ትልቅ ነጥብ ቁጭ ብላለች።

«እሷው ናት» አለች። «ያው ስም ነው። የተወሰነ ወር ማታ ትታያለች፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ ተጠግታ ትጠፋለች፣ ከዚያ በጠዋት ትወጣለች። መጋቢት ላይ የጠፋችውም ለዚያ ነው። ዩፎም አይደለም፣ ድሮንም አይደለም።»

«አትቀልጂ። አጥቢያ ኮከብ ማታ ምን ትሠራለች?»

አልሳቀችም። ቀና ብዬ ደግሜ አየኋት። ቅርንጫፉ ጋ ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች፤ ያ መብራት ወደ ተራራው ሲወርድ እንደሚንቀጠቀጠው። ያው ንጣት፣ ያው ዓይን መውጋት። መልኳን አወቅኩት።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜ ልኬን የማውቃትን እንዴት አላወቅኳትም? ሳስብ ሳስብ ገባኝ። ጠዋት ስንወጣ ጀርባችን ባዶ ነው። ቀና ብለን እንሄዳለን፣ እናወራለን፣ ሰማይ እናያለን። ማታ ስንወርድ ግን ሸክሙ ከራሳችን በላይ ነው። ወገባችን ታጥፎ፣ ገመዱ ደረታችንን ቆርጦን፣ የማየው ከፊቴ የምትሄደዋን ሴት ተረከዝ ብቻ ነው። የጓደኞቼን ተረከዝ ስንጥቅ በስንጥቅ አውቀዋለሁ። የማታ ሰማይ ግን አይቼ አላውቅም። እሷ ወደ ማታው የምትሄድባቸውን እነዚያን ወራት ሁሉ እላዬ ላይ ነበረች፤ እኔ መሬት መሬት ሳይ። ማታ ቀና ማለት የቻልኩት አሁን በእርጅናዬ፣ በረንዳ ተሰጥቶኝ ነው። ያውም ቀና ብዬ መጀመሪያ ያየኋትን የሰው ልጅ ስም ማጥፊያ አደረግኳት።

ቤተ ክርስቲያኑ ደርሼ አጥሩን ተሳለምኩ። ወደ ውስጥ ግን አልገባሁም። ሰው ሁሉ ይጸልያል፣ እኔ ግንቡን ተደግፌ የዚያን ልጅ ዚፕ አስባለሁ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለልጅ ልጄ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ? ይሄን ስትጽፈው ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊው።

«እንዳትናገሪ» አልኳት። «ነገሩ ተረስቷል። ለምን እንቀሰቅሰዋለን?»

«አልተረሳም እኮ አያዬ። ልጁ ዕቃውን እያሸገ ነው። ሌላ ሰፈር ቤት አግኝቷል፣ ቅዳሜ ይወጣል። እሷ ደሞ ‹እሱ ከሄደ አባዬ ላመጣው ሁሉ እሺ እላለሁ፤ ከዚህ በኋላ ለኔ ማንም አንድ ነው› ብላኛለች።»

«እንዲህ አለች?»

«አለቀሰች ደሞ።»

ምሳ አልወረደልኝም። ከሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ከእኛ በላይ አንድ ፎቅ ብቻ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ለመመለስ ዞሬያለሁ። በሩ ክፍት ነው። ልጁ መሬት ላይ ተንበርክኮ ካርቶን በፕላስተር ያሽጋል። ሲያየኝ ተነሳ።

«ይግቡ እማማ። መቀመጫ ግን የለም፤ ወንበሩ ታሽጓል።»

«አልቀመጥም ልጄ።»

ነገርኩት። አንዲት ቀልድ ሳልጨምር፣ መብራቱን ካየንበት ማታ እስከ ዛሬ ጠዋት። ፕላስተሩን በእጁ እንደያዘ ሰማኝ።

«ኮከብ» አለ።

«አዎ።»

«እኔ ሌባ የተባልኩት በኮከብ ነው?» ሳቀ፤ እኔ የማውቀው ዓይነት ሳቅ ግን አይደለም። «ድሮኗን ሸጥኳት እኮ እማማ። ሰው እኔን ሲያይ እሷን ብቻ ነው የሚያየው። የሰርግ ሥራም በዚህ ሰፈር የለኝም።»

«ሽማግሌህን መልሰህ ላክ» አልኩ። «እኔ አብሬ ገብቼ እናገራለሁ።»

«አልልክም። አጎቴ ከደጅ ነው የተመለሰው። ደግሜ አላዋርደውም።»

«እኔን ላከኝ።»

«ሴት ሽማግሌ የት ታይቶ ያውቃል?»

«ከዚህ በላይ ምን ልሸምግል? ና ጥርሴን ቁጠር!»

ከንፈሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ነገር እንደመንቀሳቀስ አለ። አንድ ልጨምር አሰኘኝ፤ አፌን በእጄ ያዝኩት።

«እባክህ» አልኩ።

ካርቶኑን ዘግቶ በፕላስተር አሸገው። «ይሂዱ» አለ። «እኔ ግን አልጠብቅም። መኪናው ቅዳሜ ይመጣል።»

አጎቱን የልጅ ልጄ ደውላ ለመነችልኝ። መጀመሪያ እምቢ አለ። በኋላ ከእድራችን ዳኛ ጋር መጣና «እርስዎ ይናገሩ፤ እኛ ከኋላ እንቆማለን» አለኝ። ሐሙስ ፀሐይ ልትገባ ስትል የጎረቤቴን በር አንኳኳን። ስንት ጊዜ ሳላንኳኳ የገባሁበት በር ነው።

አባትየው ከፈቱ። አጎቱን አዩ፣ ፊታቸው ተቋጠረ። ከዚያ ከፊት ለፊት ያለሁትን እኔን አዩ፤ ነጠላዬን አደግድጌያለሁ።

«እርስዎ ደሞ ከነሱ ጋር ምን ያደርጋሉ?»

«ሽማግሌ ነኝ» አልኩ።

ጎረቤቴ ከኋላቸው ሳቅ አመለጣት። እሳቸው ግን አልሳቁም። ለእኔ ሲሉ በሩን ለቀቁልንና ሳሎን ገብተን ቆምን። ሽማግሌ የመጣበት ነገር እስኪሰማለት ተቀመጡ ቢባልም አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። እሳቸው ግን ተቀመጡም አላሉን።

ተናገርኩ። «ያ መብራት አጥቢያ ኮከብ ናት። ማታ ማታ እንደምትወጣ አላውቅም ነበር። ድሮን ያደረግኳት እኔ ነኝ። ባላውቅ እንኳ፣ ልጁ ድሮኑን በእጁ ይዞ ሲያሳያችሁ የሱ እንዳልሆነ ልቤ ነግሮኛል። ሰው ላስቅ ብዬ አፉን ዘጋሁት። ባለቤትዎ መጥታ ስትጠይቀኝም ዋሸኋት። ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የልጁ አይደለም።»

ጎረቤቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ‹ኮከብንማ እኔን ጠይቁኝ› ያሉት?» አሉ አባትየው።

«እኔው ነኝ።»

«እና?»

«ተራራው ላይ የኖርኩት ጎብጬ ነው። የማታውን አይቼው አላውቅም።»

ዝም አሉ። ሁለት ቀልድ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ፤ ዋጥኩት። እሳቸው ተነስተው በረንዳው ላይ ወጡና ወደ ተራራው ቆመው አዩ። ሰማዩ ቀልቷል፤ ምንም የለም። ተመልሰው ገቡ።

«እኔ ወደ ደሴ ጭነት ይዤ ስወጣ፣» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ጎሕ ሳይቀድ ከፊቴ ትቆም ነበር። ለረዳቴ ‹ነጋልን› የምለው እሷን አይቼ ነው። ስንት ዓመት ከፊቴ የቆመችውን እኔም በረንዳዬ ላይ ሆኜ አላወቅኳትም።» ወደ አጎቱ ዞሩ። «ልጁን በሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ። የእኚህን ሴት ወሬ ሰምቼ ነው። አፉ ግን የራሴ ነው።»

አጎቱ አንገቱን ደፋ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጁን ጥሩልኝ» አሉ አባትየው። «መጀመሪያ እኔ ይቅርታ ልጠይቀው። ቅዳሜ መኪና እንዳያስመጣም ንገሩት። በሉ ቁጭ በሉ።»

ቁጭ በሉ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አጎቱ እፎይ ብሎ ሲቀመጥ ሶፋው ጮኸ። እኔን ተቀመጠች ይሉኛል እንጂ ጉልበቴ ነው የጣለኝ።

ትንሽ ቆይታ ልጅቷ ውሃ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች፤ ዓይኗ አብጧል። መጀመሪያ ለአጎቱ ሰጠች፤ ጎንበስ ብላ፣ በቀኝ እጇ ብርጭቆውን ይዛ፣ በግራዋ ክንዷን ደግፋ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው። ለእድሩ ዳኛም እንደዚያው። ከዚያ እኔ ጋ መጣች። ስንቴ ጸጉሯን ሹሩባ የሠራሁላት ልጅ ናት። ቀጥ ብላ ቆማ በአንድ እጇ ዘረጋችልኝ፤ ግራዋ ጎኗ ላይ ተንጠልጥላለች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው።

እናትየው አየችና ልትቆጣት ስትነሳ፣ በዓይኔ «ተያት» አልኳት።

ብርጭቆውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።